«ፋይሉ የት ነው?» ብለው ከመጠየቅዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ስልኩ የተደወለው በወር መጨረሻ፣ ደመወዝ በሚሠራበት ዕለት ነው። «ወንድሜ፣ ይሄ ያንተ ነገር ፋይሉ የለም ይለኛል። ፋይሉ ግን ይኸውና፣ ዓይኔ እያየው!» የደወሉልኝ የአንድ አነስተኛ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። የሠራሁላቸው ፕሮግራም ከሃምሳ መስመር አይበልጥም። በፓይተን የተጻፈ ነው፤ ጥቁሩ መስኮት ላይ «የፋይሉን አድራሻ ያስገቡ» ይላል፣ የተሰጠውን ሰንጠረዥ ያነባል፣ የወሩን ድምር አውጥቶ ሌላ ፋይል ላይ ይጽፋል። የእኔ ኮምፒውተር ላይ ሺህ ጊዜ ሠርቷል።

«እስቲ ያስገቡትን ያንብቡልኝ» አልኳቸው። አነበቡልኝ፤ ፊደል በፊደል ልክ ነው። ነገሩ የገባኝ ሄጄ ሳየው ነው። ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ኮፒ አዝ ፓዝ» የሚለውን መርጠው መስኮቱ ላይ ለጥፈዋል። በዚህ መንገድ ሲገለበጥ ዊንዶውስ አድራሻውን ግራና ቀኝ በትምህርተ ጥቅስ ያጥረዋል። እሳቸው ጥቅሱን አላነበቡልኝም፤ ጥቅስ ጮክ ብሎ የሚያነብ ማን አለ? ፕሮግራሜ ግን ጥቅሱን የአድራሻው አካል አድርጎ ወሰደውና በዚያ ስም የሚጠራ ፋይል ፈልጎ አጣ። ሊያገኘውም አይችልም ነበር፤ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ትምህርተ ጥቅስን ጭራሽ አይፈቅድም።

ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ሰውን የፋይል አድራሻ የሚጠይቅ ፕሮግራም መጻፍ ስጀምር ራሴን የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ክብደታቸው እኩል አይደለም። አንዳንዶቹ በአንድ መስመር ኮድ ያልቃሉ፤ የእኛን ፊደል የሚነኩት ግን እንግሊዝኛ በሚጠቀሙ ሰዎች በተጻፈ መመሪያ ውስጥ አይገኙምና እነሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

መጠየቁ ራሱ ያስፈልጋል?

ኮማንድ ላይን ላይ አንድ ፕሮግራም የፋይል አድራሻ የሚቀበልበት በር ሁለት ነው። አንደኛው ተጠቃሚው ትእዛዙን ሲጽፍ አድራሻውን አብሮ ጽፎ የሚሰጥበት፣ አርጉመንት የምንለው ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙ ከተነሣ በኋላ ቆም ብሎ «የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ነው። ጀማሪ ፕሮግራመር ሁልጊዜ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ እኔም መርጬ ነበር። ትሕትና ይመስላል።

ልዩነቱ የሚታየው በመሐል ያለው ሼል የሚሠራውን ሥራ ሲያስተውሉ ነው። ሼል ማለት የባለጉዳዩን ወረቀት ተቀብሎ፣ አስተካክሎ፣ ማኅተሙን አይቶ ወደ ኃላፊው የሚያስገባ ጸሐፊ ነው። አድራሻው በአርጉመንት ሲመጣ ጥቅሱን ያወልቃል፤ የሊኑክስና የማክ ሼል ከሆነ የ~ ምልክትን ወደ ተጠቃሚው የግል ፎልደር ይተረጉማል፣ የኮከብ ምልክትንም ወደ ፋይሎች ዝርዝር ይበትናል። ተጠቃሚው ግማሽ ስም ጽፎ ታብ ሲጫን ቀሪውን ይሞላለታል፤ ነገ ደግሞ የላይ ቀስት ተጭኖ የትናንቱን ትእዛዝ ያመጣል። እርስዎ በጥያቄ ሲቀበሉ ግን ጸሐፊው የለም። ባለጉዳዩ ከነአቧራው ቀጥታ ጠረጴዛዎ ላይ ይመጣል። ጥቅሱም፣ ~ም፣ ትርፍ ክፍት ቦታውም እንዳለ ይደርሳል፤ ታብም አይሠራም።

ሌላም አለ። ፕሮግራሙ ሌሊት ክሮን በሚባለው የሰዓት ማስነሻ በራሱ የሚነሣ ከሆነ ጥያቄውን የሚመልስ ሰው የለም። ፓይተን እንዲህ ሲሆን «የፋይል መጨረሻ ደረሰ» የሚል ስሕተት ወርውሮ ይወድቃል፤ ግብዓቱ ሳይዘጋ ክፍት ከቀረለት ደግሞ እስኪነጋ ቆሞ ይጠብቃል። ከሁለቱ መውደቁ ይሻላል።

እኔ የያዝኩት ልማድ ይህ ነው። አድራሻው በአርጉመንት ከመጣ ምንም ሳልጠይቅ እሠራለሁ። ካልመጣና ተርሚናሉ ላይ ሰው ካለ እጠይቃለሁ፤ ሰው መኖሩን «ኢዝ ኤ ቲ ቲ ዋይ» የሚባለው ምርመራ ይነግራል። ሰው ከሌለ አጭር የአጠቃቀም መግለጫ በስሕተት መውጫው በኩል አትሜ፣ በ2 ቁጥር እወጣለሁ። 0 «በሰላም ተፈጸመ» ማለት ነው፤ 2 ደግሞ የፓይተን የራሱ የአርጉመንት አንባቢ ለተሳሳተ አጠቃቀም የሚመልሰው ቁጥር ነው።

ለሒሳብ ሠራተኛዋ ግን ከሁለቱም በሮች የሚሻል ሦስተኛ ነበር። ከፓይተን ጋር የሚመጣው ቲኬኢንተር በሁለት ሦስት መስመር ያንን ሁሉም የሚያውቀውን የፋይል መምረጫ መስኮት ይከፍታል። ማሳያ በሌለው ሰርቨር ላይ አይሠራም፤ ቢሮ ውስጥ ላለ ሰው ግን የኮማንድ ላይን ጥያቄ ከዚህ የሚበልጥበት ነገር የለም። ጥቁር መስኮት የሙያ ክብር የሚመስለው ለእኛ ለፕሮግራመሮች ብቻ ነው።

የተለጠፈውን እንዴት ያጥባሉ?

እንግዲህ መጠየቅ ግድ ሆነ እንበል። ሰው አድራሻ አይተይብም፤ ይለጥፋል ወይም ጎትቶ ይጥላል። ስለዚህ የሚመጣልዎ የሰው ጽሑፍ ሳይሆን የሌላ ፕሮግራም ውጤት ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ አመል አለው። ዊንዶውስ በጥቅስ ያጥራል። ማክ ተርሚናል ላይ ፋይል ጎትተው ሲጥሉ ከእያንዳንዱ ክፍት ቦታ በፊት \ ይጨምራል፣ መጨረሻ ላይም ክፍት ቦታ ይተዋል። በወርድ ያለፈ ጽሑፍ ቀጥ ያለው ጥቅስ ወደ ተጠማዘዘው ተለውጦበት ይመጣል።

ከሁሉም የሚያናድደው የማይታየው ነው። ዊንዶውስ ላይ ከፋይሉ «ፕሮፐርቲስ» መስኮት፣ «ሴኩሪቲ» ከሚለው ገጽ አድራሻውን የገለበጠ ሰው፣ ከመጀመሪያው ፊደል በፊት አንዲት የማትታይ የዩኒኮድ ምልክት ይዞ ይመጣል። ሥራዋ ጽሑፉ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ማዘዝ ነው። ስክሪን ላይ ምንም አይታይም፤ ሁለቱን አድራሻዎች ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ መንትያ ናቸው፤ አንዱ ይከፈታል፣ አንዱ «የለም» ይላል። መጀመሪያ ያጋጠመኝ ጊዜ ግማሽ ቀን በልታብኛለች።

ማጠቢያው ቀላል ነው፤ የግራና የቀኝ ክፍት ቦታ ማንሣት፣ ጥንድ ሆኖ የመጣ ጥቅስ ማውለቅ፣ የማይታዩትን መቁረጥ፣ ~ን መተርጎም፣ ከዚያ ሙሉ አድራሻውን ማውጣት። ነገር ግን ከማጠብዎ በፊት እንደመጣ ይሞክሩት። ሊኑክስ ላይ በጥቅስ የሚጀምር የፋይል ስም ይፈቀዳል፤ ያለውን ፋይል አጥበው ማጣት ካለማጠብ የባሰ ጥፋት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ግራ መጋባት። የዊንዶውስን \ ምልክት እጥፍ አድርጎ መጻፍ የሚያስፈልገው አድራሻው በኮዱ ውስጥ ሲጻፍ ብቻ ነው። ተጠቃሚው ያስገባው አድራሻ እንዳለ ይወሰዳል፤ «ሁለት ሁለት አድርገው ይጻፉ» ብለው ሰው አያስቸግሩ። የምልክቱ ታሪክም አስገራሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የማይክሮሶፍት ዶስ ፎልደር የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የ/ ምልክትም ለትእዛዝ አማራጮች ተይዛ ነበር። በ1983 ሁለተኛው ዶስ ፎልደር ይዞ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ስለጠበቀው ወደ ኋላ በተጋደመችው \ ተጠቀመ። ዛሬ ዊንዶውስ በውስጡ ሁለቱንም ይቀበላል።

ደግሞም ቅጥያ። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች ይደብቃል። ተጠቃሚው ኖትፓድ ላይ ስሙን ከነሲኤስቪ ቅጥያው ጽፎ ሲያስቀምጥ ኖትፓድ ከኋላው የቴክስት ቅጥያ ሊደርብበት ይችላል፤ ስክሪኑ ላይ ግን የኋለኛው አይታይም። «የለም» ከማለትዎ በፊት በዚያ ስም የሚጀምር ፋይል እዚያው ፎልደር ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ።

ስሙ በፊደላችን ከመጣስ?

የውጭ መመሪያዎች «በፋይል ስም ውስጥ / አትጠቀሙ» ብለው በአንድ መስመር ያልፋሉ። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይበቃዋል። የእኛ አጻጻፍ ግን በ/ የተሞላ ነው። ገ/ሥላሴ፣ ወ/ማርያም፣ ወ/ሮ፣ ክ/ከተማ፣ ጽ/ቤት፣ መ/ቤት፤ ቀኑም 12/03/2016፣ የደብዳቤ ቁጥሩም እንዲሁ። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዷ / «እዚህ ጋ ፎልደር አለ» ማለት ናት።

በቅርብ የማውቀውን ላሳይዎ። አንድ ፕሮግራም «የሠራተኛው ስም?» ብሎ ጠይቆ በዚያው ስም የክፍያ ወረቀት ያወጣል። ተጠቃሚው ገ/ሥላሴ ብሎ አስገባ። ፓይተን «ገ» የሚባል ፎልደር ፈልጎ አጣና በስሕተት ቆመ። ይህ ደጉ ውጤት ነው። የፕሮግራሙ ጸሐፊ (እኔው ነኝ) «የጎደለ ፎልደር ካለ ፍጠር» የሚል መስመር ጨመረበት። ከዚያ በኋላ ስሕተት ጠፋ። በወሩ መጨረሻ ፎልደሩን ስንከፍት «ገ» የሚባል ፎልደር ተወልዷል፤ ውስጡ «ሥላሴ»፣ «መድኅን»፣ «ማርያም»፣ «እግዚአብሔር» ተሰልፈዋል። ጎኑ «ወ» የሚባል ሌላ አለ። አንድም ወረቀት አልጠፋም፤ ግን አንዱም ባለቤቱ በሚያገኘው ቦታ ላይ አልነበረም።

መፍትሔው ሰው ገብረ ሥላሴ ብሎ አስረዝሞ እንዲጽፍ ማስገደድ አይደለም። ስሙን በሰነዱ ውስጥ እሱ በጻፈው መንገድ ይያዙ፤ ለፋይሉ ስም ሲሆን ብቻ /ን በጭረት ይለውጡ። የሰው ስምና የፋይል ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አንዴ ካመኑ ብዙ ነገር ይቀልልዎታል።

ነጥብም የራሷ ጣጣ አላት። ተጠቃሚው «ሪፖርት 2016 ዓ.ም» ብሎ ሰየመ እንበል። ፓዝሊብ የሚባለው የፓይተን የአድራሻ መሣሪያ ከመጨረሻዋ ነጥብ በኋላ ያለውን ቅጥያ ብሎ ስለሚወስድ «.ም» የፋይሉ ዓይነት ሆነች ማለት ነው። «ቅጥያውን ወደ ሲኤስቪ ለውጥ» ቢሉት «ም»ን ጥሎ በእሷ ቦታ ሲኤስቪን ይተካል፤ «ሪፖርት 2016 ዓ» ብቻ ይቀራል። ቅጥያ የሚጨምሩ ከሆነ ይጨምሩ፤ ይተኩ አይበሉት።

ሁለት ነጥብን በተመለከተ እንኳ ግዕዝ ያድነናል። የላቲኗ : ዊንዶውስ ላይ ክልክል ናት፤ የእኛዋ ፡ ግን ለኮምፒውተሩ ሌላ ምልክት ስለሆነች ትፈቀዳለች። የክልክሏ ጠባይ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ ላይ ፕሮግራምዎ «ሪፖርት: ጥቅምት» ብሎ ሊጽፍ ቢሞክር ሁልጊዜ ስሕተት አያገኝም፤ «ሪፖርት» የሚባል መጠኑ 0 የሆነ ፋይል ይፈጠርና ጽሑፉ ከጀርባው በተሸሸገ ክፍል ይቀመጣል። ያንን ፋይል ኤፍኤቲ32 ወደሆነ ፍላሽ ሲገለብጡት የተሸሸገው ክፍል ይቀራል።

ከዚያ ሞክሼ ሆሄያት ይመጣሉ። ፀሐይ የሚለውን ስም ያስቡ። መጀመሪያዋ ፀ ወይም ጸ ናት፤ መካከለኛዋ ሐ፣ ሀ፣ ኀ፣ ራብዓቸውን ሲያስቡም ሓ፣ ሃ፣ ኃ ልትሆን ትችላለች። 12 አጻጻፍ፣ አንድ ድምፅ። አንባቢ ሁሉንም ያነባል፤ ኮምፒውተሩ ግን 12 የተለያዩ ፋይሎች ያያል። ዩኒኮድ ጽሑፍን አንድ ዓይነት ለማድረግ ያዘጋጀው ሥርዓት እዚህ አይረዳም፤ እነዚህ ለእሱ ራሳቸውን የቻሉ ፊደሎች ናቸውና። ስለዚህ ፋይሉ ሲጠፋ በፎልደሩ ያሉትን ስሞችና የተሰጠዎትን ስም ሁለቱንም ወደ አንድ ወገን ያምጡ፤ ሐን፣ ኀንና ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነእርባታቸው። ከገጠመ «ጸሀይን አላገኘሁም፤ ፀሐይ ማለትዎ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ይጠይቁ እንጂ ዝም ብለው አይክፈቱ። በአንድ ፎልደር ውስጥ ፀሐይም ጸሐይም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ርዝመትም አለ። ሊኑክስ ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያበቃል፤ ከነነጥቡ 4 ባይት የሚወስደው የሲኤስቪ ቅጥያ ሲቀነስ 83 ይቀራል። ዊንዶውስ በሌላ ስሌት ስለሚቆጥር በአንድ ስም እስከ 255 ፊደል ይፈቅዳል፤ እሱን የሚያጠብበው የሙሉ አድራሻው የ260 ፊደል የቆየ ገደብ ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ርእስ እንዳለ የፋይል ስም የማድረግ ልማድ ያለው ሰው 85ን በቀላሉ ያልፋል። ፋይሉ ቢሮ ይኖራል፣ ይከፈታል፣ ይታተማል፤ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሲላክ ብቻ «ስሙ ረዘመ» ይባላል። ስም ከሰው የሚቀበሉ ከሆነ ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ይቁጠሩ።

ቁጥር ላይ ያለችው ወጥመድ ትንሽ ናት፤ ስለምወዳት ግን ልንገርዎ። ተጠቃሚው ከዝርዝር ቁጥር እንዲመርጥ አድርገው፣ መልሱ ቁጥር መሆኑን በፓይተን «ኢዝዲጂት» ቢፈትሹ፣ ፩ን «አዎ፣ ቁጥር ነው» ይልዎታል። አምነው ወደ ቁጥር ሲለውጡት ግን አይለወጥም፤ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ፲ን ደግሞ ያው «ኢዝዲጂት» ከነጭራሹ አያውቃትም። «ኢዝዴሲማል» የሚለውን ይጠቀሙ፤ ወይም ዝም ብለው ለመለወጥ ይሞክሩና ስሕተቱን ይያዙ።

ቀን ከጠየቁማ ሌላ ዓለም ነው። የካቲት 30 አለ፤ ፌብሩዋሪ 30 የለም። ወር 13 አለ። ጳጉሜን 6 በ2015 ዓ.ም ነበረ፣ በ2016 ግን የለም፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፍ ብቻ ይመጣል። የፓይተን የቀን መሣሪያ ይህን ሁሉ «የተሳሳተ ቀን» ይለዋል። ቀኑ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በጥያቄው ውስጥ ካልጻፉ ትክክለኛውን መልስ ስሕተት ብለው ይመልሳሉ።

«አለ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሁሉም ጀማሪ «ፋይሉ አለ?» የሚለውን ምርመራ ያውቃል። ጥያቄው ግን ጎደሎ ነው። ፎልደርም «አለ»። ተጠቃሚው ምንም ሳይጽፍ ኢንተር ቢጫንስ? በፓዝሊብ ባዶ አድራሻ አሁን ያሉበት ፎልደር ሆኖ ይቆጠራል፤ ስለዚህ «አለ?» ሲባል «አለ» ይላል። የቀድሞው የፓይተን መሣሪያ ለዚያው ባዶ መልስ «የለም» ይላል። ባዶውን ከማንኛውም ምርመራ በፊት ለይተው ይያዙት፤ ከዚያ «አለ?» ሳይሆን «ፋይል ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ከዚያም ቢሆን ምርመራው ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም። «አለ» ባልዎትና በሚከፍቱት መካከል ፍላሹ ሊነቀል፣ ሌላ ሰው ስሙን ሊለውጠው ይችላል። እውነተኛው ምርመራ መክፈት ነው፤ ይክፈቱና ያቃተበትን ምክንያት ለይተው ይናገሩ። የለም ከሆነ የፈለጉበትን ሙሉ አድራሻ ያሳዩ፤ ግማሹ ችግር ተጠቃሚው ሌላ ፎልደር ላይ ቆሞ መሆኑ ነውና ያኔ ራሱ ያየዋል። ፎልደር ከሆነ ፎልደር ነው ይበሉ፤ ዊንዶውስ ፎልደር ሊከፍቱ ሲሞክሩ «ፈቃድ የለዎትም» ስለሚል ብዙ ሰው የይለፍ ቃል ፍለጋ ይሄዳል። የሚጽፉበት ፋይል ከተከለከለ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤክሴል ነው፤ «ፋይሉ ኤክሴል ላይ ተከፍቶ ከሆነ ይዝጉት» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት የስልክ ጥሪ እንዳስቀረችልኝ አልቆጠርኩም።

ተከፍቶ ውስጡ ጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ፣ ያ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ኤክሴል ተራውን ሲኤስቪ ሲያስቀምጥ አማርኛውን ወደ ? ይለውጠዋል፤ ከተለወጠ በኋላ አይመለስም። «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን እንዲመርጡ ይንገሯቸው።

ሲጽፉና ሲሰርዙ

ማንበብ ቢሳሳት ሰው ይናደዳል፤ መጻፍና መሰረዝ ቢሳሳት ሰው ያለቅሳል። ሁለት የታወቁ ጉዳዮች አሉ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 የአፕል አይቲዩንስ 2 ለማክ ኦኤስ ቴን ሲጫን፣ የመጫኛው ስክሪፕት የዲስኩን ስም በጥቅስ ሳያጥር ስለተጠቀመበት፣ ስማቸው ውስጥ ክፍት ቦታ ያለባቸው ዲስኮች ላይ የነበረ መረጃ ጠፋ፤ አፕልም መጫኛውን አንሥቶ በሌላ ተካው። በጃንዋሪ 2015 ደግሞ በሊኑክስ ላይ ስቲም የሚባለው የጨዋታ ፕሮግራም ስክሪፕት የራሱን ፎልደር አድራሻ አስልቶ፣ ስሌቱ ባዶ ሲሆንበት፣ «የዚያን ፎልደር ውስጥ ሁሉ ሰርዝ» የሚለው ትእዛዝ «ከሥሩ ጀምሮ ሁሉን ሰርዝ» ሆኖ አረፈ። የተጠቃሚ ፋይሎች ከነውጫዊ ዲስካቸው ተጠረጉ። ኮዱን የጻፈው ሰው ራሱ፣ ከመስመሩ በላይ፣ ነገሩ የሚያስፈራ መሆኑን በአስተያየት አስፍሮ ነበር። ፈርቶ ነበር ማለት ነው፤ ግን አልፈተሸም።

ስለዚህ ባዶ አድራሻ ወደ ስረዛ ትእዛዝ የሚደርስበት መንገድ ፈጽሞ አይኑር። አዲስ ፋይል ሲጽፉ፣ ፋይሉ ካለ እምቢ የሚለውን የፓይተን «ኤክስ» አከፋፈት ይጠቀሙ፤ ከ3.3 ጀምሮ አለ። የሚነበበውና የሚጻፈው ፋይል አንድ አለመሆኑንም ያረጋግጡ። መብራት እንደልቡ በሚሄድበት አገር ደግሞ ቀጥታ በአሮጌው ፋይል ላይ መጻፍ ድፍረት ነው፤ እዚያው ፎልደር ውስጥ በጊዜያዊ ስም ጽፈው ሲጨርሱ በአንድ ጊዜ ይተኩት። መብራቱ በመሐል ቢሄድ የትናንቱ ፋይል ሙሉ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

«ልተካው?» ብለው ማረጋገጫ ከጠየቁ አንድ ነገር ያስተውሉ። የእንግሊዝኛው ልማድ የመጀመሪያዋን ፊደል ማየት ነው። አዎም አይም በአ ይጀምራሉ። የመጀመሪያ ፊደል ብቻ የሚያይ ፕሮግራም የእኛ ሰው «አይሆንም» ሲለው ይሰርዛል። ሙሉ ቃሉን ይመልከቱ፤ አዎን፣ አዎንን፣ እሺንም ይቀበሉ፤ ከእነዚህ ውጭ የሆነ ሁሉ፣ ባዶ ኢንተርም ጭምር፣ እምቢታ ይሁን።

መልሱ ከማይታወቅ ሰው የሚመጣ ከሆነ

ይህን ባጭሩ። አድራሻው ከራሱ ከኮምፒውተሩ ባለቤት ከመጣ የትም ቢሄድ መብቱ ነው። ከሌላ ሰው ከመጣ ግን «..» እየደረደረ ከተፈቀደው ፎልደር ሊወጣ ይችላል፤ ሙሉ አድራሻውን ካወጡ በኋላ በተፈቀደው ሥር መሆኑን ይፈትሹ። የፋይል ስምን ወደ ሌላ ትእዛዝ ሲያስተላልፉ ከትእዛዙ ጽሑፍ ጋር አይለጥፉት፤ በዝርዝር አድርገው ለየብቻ ይስጡት። በጭረት የሚጀምር ስም አማራጭ መስሎ እንዳይነበብ ከፊቱ -- ያስቀድሙ።

ስንት ጊዜ ይጠይቃሉ?

እኔ ሦስቴ ነው የምጠይቀው። ከሦስት በኋላ ሰውየው መልሱን አያውቅም ወይም ጥያቄዬ አልገባውም። ኮንትሮል ሲ ተጭኖ ልውጣ ሲልም ሃያ መስመር የስሕተት ዝርዝር አይትፉበት፤ «እሺ፣ ተትቷል» ብሎ መውጣት ይበቃል።

ለሒሳብ ሠራተኛዋ ፕሮግራሙን ዳግመኛ ስጽፍ አድራሻ መጠየቁን ተውኩት። አሁን ሲነሣ የደመወዝ ፎልደራቸውን ከፍቶ፣ የሲኤስቪ ፋይሎቹን ከአዲሱ ወደ አሮጌው ደርድሮ፣ በየስማቸው ጎን የተነኩበትን ቀንና ሰዓት ያሳያል፤ እሳቸው 1 ብለው ኢንተር ይጫናሉ። ከማስረከቤ በፊት የሞከርኩት በእኔ ኮምፒውተር ሳይሆን በእሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በእሳቸው ፍላሽ ነው። እውነተኛው ፎልደር ውስጥ «ደመወዝ ጥቅምት»፣ «ደመወዝ ጥቅምት የመጨረሻ»፣ «ደመወዝ ጥቅምት የመጨረሻ (2)» እና «ይሄ ነው ትክክለኛው» የሚባሉ አራት ፋይሎች አገኘሁ። የትኛው ነው ብዬ ስጠይቃቸው ሳያመነቱ ሁለተኛውን አመለከቱኝ። ስለዚህ ከሰዓቱ ጎን የእያንዳንዱን ፋይል የረድፍ ብዛትና ጠቅላላ ድምር ጨመርኩበት።